የጠያቂ መንገድ

በአማርኛ «መጠየቅ» የሚለው ግስ ሁለት ተግባሮችን ባንድ ቃል ያስተናግዳል። መንገድ የጠፋበት ሰው ይጠይቃል፤ የታመመውን ወይም የታሰረውን ሊያይ የሚሄድም ሰው ይጠይቃል። ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በሚወስደው ጎዳና ላይ ግን አንድ ሰው ባንድ ጊዜ ሁለቱንም ሆኖ ይገኛል፤ መንገዱን እየጠየቀ እስረኛውን ሊጠይቅ ይሄዳል። ከዚህም አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይነሣል፦ መንገድ የተጠየቀ ሰው ለጠያቂው እንግዳ ዕዳው ምን ያህል ነው?

እንግዳ ማንንም ሳይጠይቅ የሚዘዋወርባቸው ከተሞች መኖራቸው እሙን ነው። ሸቀጥ ሊገዛ ወደ ጓንግዡ የሚጓዝ የአዲስ አበባ ነጋዴ ቋንቋውን ሳያውቅ፣ ፊደሉም እንደ ግድግዳ ጌጥ ብቻ እየታየው፣ ያን ሰፊ የቻይና ከተማ ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል። የሆቴሉ አድራሻ በቻይንኛ የታተመበትን ካርድ ለታክሲ ነጂው ያሳያል። በ1989 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የምድር ውስጥ ባቡርም የመስመሩን ቀለምና የጣቢያውን ስም እየተከተለ ይሄዳል። ለምን ጉዳይ እንደመጣ፣ ንግዱ ይቅና አይቅናው የሚመረምረው መንገደኛ የለም። ይህ በችኮላ ሲታይ ብቸኝነት ይመስላል፤ ሲያስተውሉት ግን አንድ ዓይነት ክብርም አለበት።

ያው የቻይና የሐዲድ ጥበብ አዲስ አበባም ገባ። በቻይና ኩባንያ፣ በአብዛኛውም ከቻይና በተገኘ ብድር የተሠራው ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ከሁለቱ መስመሮች አንዱ መጨረሻውን ቃሊቲ ላይ አደረገ። መስመሩ በአውቶቡስ ተራ በኩል አልፎ፣ ሜክሲኮን፣ ለገሃርን፣ ላንቻንና ሳሪስን እየነካ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ስለዚህም ከጎጃም መጥታ አውቶቡስ ተራ የወረደች እናት፣ ማንም ወዴት ትሄጃለሽ ሳይላት፣ ባንድ ባቡር ወደ ልጇ የምትቃረብበት ዕድል ተከፈተ። መሐንዲሶቹ ይህን አስበው ነበር ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ከልደታ እስከ ስታዲየም ሁለቱ መስመሮች ባንድ ሐዲድ ላይ ስለሚሄዱ፣ እዚያ መካከል የተሳፈረ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ቃሊቲ ሲል አያት ይደርሳል። ኋላም ባቡሮች በመለዋወጫ እጦት እየቆሙ ሲሄዱ ተሳፋሪው ፊቱን ወደ ሚኒባስ መለሰ። ደግሞም ሐዲዱ እስከ ማረሚያ ቤቱ በር አይደርስም።

ጉዞው ራሱ ያለ ምክንያት አልረዘመም። ዓለም በቃኝ ይባል የነበረው ወኅኒ መሐል ከተማ ስለነበረ ስንቅ አቀባዩ ከሜክሲኮ በእግሩ ይደርስበት ነበር። እስረኞቹ በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ ቃሊቲ ተዛወሩ፤ ግቢው ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በቻይና መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። ወኅኒው ከዓይን ራቀ፤ የራቀውን መንገድ የሚሸፍነው ግን ያው ዘንቢል ተሸካሚው ነው።

የሚኒባሱ ረዳት «ሳሪስ፣ አቦ፣ ቃሊቲ!» እያለ ይጣራል። ቃሊቲ ጉምሩክ አለ፣ ፋብሪካ አለ፣ መናኸሪያ አለ፤ ስለዚህ «ቃሊቲ» ማለት ብቻውን ማንንም አያጋልጥም። መጋለጡ የሚመጣው መውረጃው ሲቃረብ ነው። ዘንቢሏን ጭኗ ላይ ያስቀመጠችው እናት ስፍራውን ስለማታውቅ «ልጄ፣ ማረሚያ ቤቱ ጋ ስትደርስ አውርደኝ» ማለት ግድ ይሆንባታል። ረዳቱም ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ማረሚያ ቤት፣ ወራጅ አለ!» ይላል። ክፋት የለበትም፤ ሥራው ነው። ሆኖም ያ አንድ ቃል የቤቷን ጉዳይ አደባባይ ያወጣዋል። (በአብዮቱ ዘመን ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥባት ታክሲ «ውይይት» ተብላ ነበር፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ ፊትን ማዞሪያ እንኳ አልነበረም።) ያን ጊዜ ከጎኗ የተቀመጠው ሰው «በምን ታስሮ ነው?» ሊላት ይችላል። ወይም ዘንቢሉን ተቀብሎ ያወርድላትና በሩ በየት በኩል እንደሆነ በጣቱ ያሳያታል።

«በምን ታስሮ ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከርኅራኄ የሚነሣ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ርዳታውን በመልሱ ላይ ያንጠለጥለዋል። ሌባ ከሆነ ምን ሊባል ነው? ነፍስ ያጠፋ ከሆነስ? አገሬው «እግዜር ያስፈታልሽ» የሚል ምርቃት አለው፤ ይህ ምንም መልስ የማይጠብቅ ስለሆነ ከሁሉም ይሻላል። የማቴዎስ ወንጌልም እስረኛን መጠየቅ የተራበን ከማብላት ጋር ሲቆጥር፣ እስረኛው ጥፋተኛ ይሁን ንጹሕ አልለየም።

እዚያው ወንበር ላይ ወንድሙ የተገደለበት ሰው ቢቀመጥስ? ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ ሙግት አይደለም። እንዲህ ካለው ሰው ምርቃትም ፈገግታም መጠበቅ ግፍ ይሆናል፤ ዝም የማለት መብት አለው። ይሁን እንጂ መንገዱን ብትጠይቀው አሳስቶ ሊሰዳት አይችልም። የገዳዩን ነገር ዳኛ አይቶታል፣ ወይም ገና ሊያየው ነው፤ እናቲቱ ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ ተከሳሽ አይደለችም። የተጠያቂው ዕዳ እስከዚህ ድረስ ዝቅ ይላል፤ ከዚህ በታች ግን አይወርድም።

በሩ ላይ የሚቀርብላት ጥያቄ ሌላ ነው። መታወቂያዋን ታሳያለች፣ የእስረኛውን ስም ትናገራለች፣ ያመጣችውን ምግብ ራሷ ትቀምሳለች፤ ይህን የሚጠይቃት ሥልጣን የተሰጠው ነው። ከዚያ በፊት የሚመረምራት ሁሉ ያለ ሹመት ዘበኛ ሆኗል ማለት ነው።

ስትመለስ ዘንቢሉ ባዶ ነው። ከመንገዱ ማዶ ከታክሲ የወረደ አንድ ጎልማሳ ፔርሙዝ ይዞ ወዲያና ወዲህ ይመለከታል። ሊጠይቃት አፉን ሳይከፍት እጇን ወደ መጣችበት ትዘረጋለታለች።