ከቍስል የወጣ ዜማ

ክፉ ሥራ መልካም ነገርን ቢወልድ፥ አባቱን የምንጠላ እኛ ልጁን ልንወድ ይገባናልን? ይህ ጥያቄ በጉባኤ ቤት በዕረፍት ሰዓት እንደ ጨዋታ የሚነሣ ነበር፤ እኔም እንደ ጨዋታ ስመልሰው ኖሬአለሁ። በቅርቡ ግን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከኤውሮጳ ሲመለስ ያመጣውን ሲዲ ቢያሰማኝ፥ ጥያቄው ጨዋታ አለመሆኑን ዐወቅሁ። መሪጌታ ሆኖ ሳለ ዘፈን አዳመጠ ብለው የሚነቅፉኝ ቢኖሩ፥ እስከ መጨረሻው አንብበው ይንቀፉኝ።

ዘፋኟ ቼቺሊያ ባርቶሊ ትባላለች። በ1966 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) በሮም ከተማ የተወለደች፥ አባቷም እናቷም ዘፋኞች የነበሩ፥ የድምፅን ሥርዓት ከእናቷ የተማረች ናት። ድምፅዋ እጅግ ቀጭን ያይደለ እጅግም ወፍራም ያይደለ፥ በሴቶች ድምፅ መካከል ያለ ነው፤ እነርሱ ሜዞ ሶፕራኖ ይሉታል። ሲዲው የወጣው በ2009 ነው። ስሙ በላቲን ቋንቋ ሳክሪፊቺዩም ይባላል፤ መሥዋዕት ማለት ነው። በውስጡ ያሉት አሪያ የሚባሉ ዜማዎች ናቸው፤ አሪያም በኦፔራ፥ ይኸውም ንግግሩ ሁሉ በዜማ በሚሆን ቲያትር፥ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ የልቡን የሚያዜምበት ክፍል ነው። የተደረሱት የኤውሮጳ ሰዎች ባሮክ በሚሉት ዘመን፥ በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እኩሌታ ነው። ከእነርሱም ብዙዎቹ ከዚያ በፊት በማንም ድምፅ ተቀድተው አያውቁም ነበር።

ነገር ግን እነዚህ ዜማዎች ለሴት የተደረሱ አይደሉም። የተደረሱት በሕፃንነታቸው ለተሰለቡ ወንዶች ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የሮም ቤተ ክርስቲያን የሐዋርያው ጳውሎስን ቃል ይዛ ሴቶች በማኅበር መካከል እንዳያዜሙ ከለከለች፤ በፓፓው ግዛትም በቲያትር እንኳ እንዳይቆሙ ተከለከሉ። ቀጭኑን ድምፅ ማን ያዚም? የወንድ ልጅ ድምፅ ዕድሜው 13 ወይም 14 ዓመት ሲሆን ይጐረንናል፤ ደክሞ ያስተማረውም መምህር ገና ሲደሰትበት ያጣዋል። ከዚያ በፊት የተሰለበ እንደ ሆነ ግን ጕሮሮው በልጅነቱ ልክ ይቀራል። አጥንቱ ማደጉን ቶሎ አያቆምምና ቁመቱ ይረዝማል፥ ደረቱም ይሰፋል። እንግዲህ የልጅ ጕሮሮ በጎልማሳ ትንፋሽ ይነፋል ማለት ነው። ፓፓ ሲክስቶስ 5ኛ በ1589 እንደነዚህ ያሉት በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ እንዲገቡ በደብዳቤ ፈቀደ። ይኸው ፓፓ ከሁለት ዓመት በፊት፥ በ1587፥ ስልቦች ሚስት እንዳያገቡ ከልክሎ ነበር። ድምፃቸውን ተቀበለ፥ ጎጆአቸውን ዘጋ።

በናፖሊ ከተማ አስቀድሞ ለሙት ልጆች መጠጊያ ይሆኑ ዘንድ የተመሠረቱ አራት ቤቶች ነበሩ፤ በኋላም የዜማ ትምህርት ቤቶች ሆኑ። ኒኮላ ፖርፖራ የሚባለው ስመ ጥር መምህር ከሁሉ የሚበልጡትን ሁለቱን ዘፋኞች፥ ፋሪኔሊንና ካፋሬሊን፥ አስተማረ። ፋሪኔሊ በ1737 ወደ እስጳንያ ሄዶ በኀዘን ደዌ ተይዞ በነበረው በንጉሥ ፊልጶስ 5ኛ ፊት ሲያዜም ኖረ፤ ዳዊትም በሳኦል ፊት እንዲሁ አድርጎ ነበር። የፋሪኔሊን ክብር ያየ ድኻ አባት ልጁን ወደ ጠጋኙ ወሰደ። ድምፁ ያልሰመረለት ልጅ ግን ልጅ አይወልድ፥ ቤት አይሠራ፥ በንጉሥ ፊትም አይቆም። የእነዚህን ስም የጻፈ የለም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው እንግሊዛዊው የሙዚቃ ሊቅ ቻርልስ በርኒ የጻፈው ነው። በ1770 በኢጣልያ ሲዘዋወር ይህ ሥራ የሚሠራው የት እንደ ሆነ ጠየቀ። በሚላኖ በቬኔሲያ ነው አሉት፤ በቬኔሲያ በቦሎኛ ነው አሉት፤ የቦሎኛ ሰዎች ክደው ወደ ፊሬንሴ ሰደዱት፤ ፊሬንሴ ወደ ሮም፥ ሮም ወደ ናፖሊ። ሥራው በሕግ የተከለከለ ነበርና ማንም አላደረገውም፤ ልጁ ከፈረስ ወድቆ ነው፥ አውሬ ነክሶት ነው ይባል ነበር። ማታ ማታ ግን በእነዚያ ከተሞች ሁሉ ቲያትሩ ይሞላ ነበር። እጁ አልታወቀም፤ ጆሮው ግን በየወንበሩ ተቀምጦ ነበር። ደግሞም ከፓፓው ግዛት ውጭ ሴቶች በኦፔራ ያዜሙ ነበር፤ ሆኖም ስለቱ አልቀረም፥ ጆሮ ለምዶት ነበርና።

እዚህ ላይ ከሲዲው ስም ጋር እጣላለሁ። መሥዋዕት አይባልም። በኦሪት ዘሌዋውያን በ22ኛው ምዕራፍ የተኰላሸ እንስሳ እንኳ በመሠዊያ ፊት እንዳይቀርብ ተጽፏል፤ ለበግ ያልተፈቀደው ለሕፃን እንዴት ይፈቀዳል? በኒቅያ በ325 የተሰበሰቡት አባቶችም በመጀመሪያው ቀኖና ራሱን የሰለበ ሰው ከክህነት እንዲወገድ፥ በግፍ የተሰለበው ግን እንዳይከለከል ወስነዋል፤ በደሉን ከተበደለው ለይተው አይተዋልና። አብርሃም ቢላዋውን ባነሣ ጊዜ ከሰማይ የከለከለው አለ። በናፖሊ የከለከለ አልነበረም። አባት ብር ተስፋ አድርጎ የሚያቀርበው ልጅ ንግድ እንጂ መሥዋዕት አይደለም።

ይህን ስጽፍ ስለ ሌላ አገር ኀጢአት መጻፍ እንዴት እንደሚቀል ታወቀኝ። ስልብ የሚለውን ቃል እኛም ከባሕር ማዶ አላመጣነውም፤ በጦር ሜዳ ላይ ወድቆ በተማረከ ወንድ ላይ የተደረገውን አባቶቻችን ያውቁታል። ከሐዋርያት ሥራ የምንኰራበት ያ የህንደኬ ባለሟልም በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ ጃንደረባ ነበረ፤ ግእዙ ኅጽው ይለዋል። በሸላቹ ፊት ዝም ስላለው በግ ያነብ እንደ ነበር እናስተምራለን። ያን ስፍራ ሲያነብ ስለ ራሱ ምን እንዳሰበ ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል? እኔ ሠላሳ ዓመት ሳስተምር አልጠየቅሁም።

ደግሞ ወደ ራሴ የቀረበ ሌላ ነገር አለ። በዘጠኝ ዓመቴ ከእናቴ ቤት ወጥቼ ቆሎ ተማሪ ሆንሁ። ደበሎ ለብሼ፥ በውሻ እየተነከስሁ፥ በቍራሽ ለምኜ ተማርሁ። አብሮኝ ከወጣው ከጎረቤታችን ልጅ ጋር አንድ ጎጆ ነበረን፤ እርሱ በሁለተኛው ክረምት በንዳድ ሞተ። ድምፁ ከእኔ ይበልጥ ነበር። በጉልምስናዬ ለተማሪዎቼ ያን ራብ እያመሰገንሁ እነግራቸው ነበር፤ ዜማ በራብ ይገባል፥ የጠገበ አይማርም እያልሁ። ተማሪ ትቶ መሄድ ይችላል፥ የተሰለበ ግን ወደ ኋላ አይመለስምና፥ ነገሩ አንድ ነው አልልም። ነገር ግን የናፖሊን መምህር ሳወግዝ የራሴን ድምፅ ሰማሁ።

ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ተመልሼ ሳየው፥ ጥያቄው ራሱ ተሳስቷል እላለሁ። ክፉው ሥራ መልካሙን አልወለደም። ስለት ዜማ ቢወልድ ኖሮ የተሰለቡት ሁሉ ፋሪኔሊ በሆኑ ነበር። ዜማውን የወለዱት ፖርፖራና ቪንቺ፥ ሌኦና ካልዳራ ናቸው፤ ከዚያም በየቀኑ ከማለዳ ጀምሮ ትንፋሹን ሲገራ የኖረው ልጅ ራሱ ነው። ስለቱ በመንገድ ላይ ተቀምጦ ቀረጥ የሚቀበል ወንበዴ ነበረ። እኔንም ራብ አላስተማረኝም፤ ያስተማሩኝ የኔታ ናቸው። ባልንጀራዬን የወሰደው ግን ራብና ንዳድ ነው።

ለዚህም ምስክሬ ይህች ሴት ናት። ሴት አታዚም ተብሎ ልጅ ተሰለበ፤ ዛሬ ያንኑ ዜማ ሴት ታዜመዋለች፥ የሚያርፍበት የማይመስለውን ረጅሙን ሐረግ በአንድ ትንፋሽ ትወጣዋለች። በእርግጥ ያው ድምፅ አይደለም። ከስልቦቹ ብቻውን ድምፁን ቀርጾ የተወልን በቫቲካን በ1902ና በ1904 የተቀዳው አሌሳንድሮ ሞሬስኪ ነው። ፓፓ ፒዮስ 10ኛ በ1903 በመዘምራን ውስጥ ቀጭኑ ድምፅ በሕፃናት እንዲሆን አዘዘ፤ ሞሬስኪም በ1922 ሞተ። እርሱንም ሰምቼዋለሁ፤ ሸክላው እየተንኰሻኰሸ የሚያለቅስ የሚመስል ድምፅ ነው፥ ፋሪኔሊ ምን እንደ ነበረ ከእርሱ መገመት አይቻልም። እንግዲህ የቀረ ነገር አለ፤ እኔ ግን የቀረው ይቅር እላለሁ።

በቅኔ ወርቁ የሚወጣው ሰሙ ሲቀልጥ ነው። የእኛን ሰም ንብ ሠራችው፤ በናፖሊ የቀለጠው ግን ሕፃን ነበረ። በሲዲው ሽፋን ላይ የዘፋኟ ፊት ከእብነ በረድ ሐውልት ገላ ጋር ተገጥሞ ተሥሏል። መጀመሪያ ሳየው አስነዋሪ መሰለኝ። ሁለተኛ ሳየው ግን የተሠበረ ገላ መሆኑን አስተዋልሁና ዝም አልሁ።

ከዜማዎቹ አንዱ አንቶንዮ ካልዳራ በ1732 በቪየና ስለ አቤል ሞት ከደረሰው የተወሰደ ነው። አቤል በጎቹን የሚጠብቅ እረኛ ሆኖ፥ ወንድሙ ገና ሳይነሣበት፥ በጸጥታ ያዜማል። ሌሎቹ አሪያዎች እንደ ማዕበል ይወርዳሉ፤ ይህ አይቸኵልም። ደሙ ከምድር የጮኸውን ሰው ዜማ፥ ደማቸው ስላልተጠየቀላቸው ልጆች ስል ሰማሁት። ባልንጀራዬንም ዐሰብሁ። ተማሪዬ ፊቴን አይቶ ያዘንሁ መሰለውና፥ «የኔታ፥ ልዝጋው?» አለኝ።

«አትዝጋው፤ አቤል ያለበትን እንደ ገና መልሰው» አልሁት።