ያለ ፈቃድ ስለሚፈስ ዘርና ስለ ሕሊና ፍርድ

ሰው ያልፈቀደው ነገር በሰውነቱ ላይ ቢደርስ በደለኛ ይባላልን? ጥያቄው የጥንት መነኮሳት ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በዳላስና በፎርት ዎርዝ በምንኖር ወንዶች መካከልም፣ ጮክ ብሎ ባይነገርም፣ አለ። በእንቅልፍ ሳይሆን በቀን፣ ያለ ፈቃድና ያለ አሳብ፣ ከሽንት በኋላ ወይም በሚያምጡበት ጊዜ ዘር የሚመስል ፈሳሽ ጠብ ሲል የሚያዩ አሉ። ይህን ያየ ምእመን በአንድ ጊዜ ሦስት ፍርሃት ያድርበታል፤ ረክሼአለሁ ይላል፣ ታምሜአለሁ ይላል፣ ጉልበቴ እያለቀ ነው ይላል። ሦስቱንም ለማንም አይናገርም። ነገሩን ማንሣት ቢያሳፍርም ዝም ማለቱ ይበልጥ ይጎዳልና በዚህ ገጽ ልናየው ወደድን።

በአገራችን ሕልመ ሌሊት ወይም ዝንየት ያገኘው ሰው በዚያ ቀን ወደ ቤተ መቅደስ አይገባም፣ አይቆርብምም። ሆኖም ከቤቱ አይቀርም። ጋቢውን ተከናንቦ በቅጽሩ ውስጥ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆሞ ያስቀድሳል። በልዩ ልዩ ምክንያት ያልገቡ ብዙዎች አብረውት ስለሚቆሙ ለምን ውጭ ቆምህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። እዚህ ግን ከበራችን ውጭ የሚጠብቀን የመኪና ማቆሚያ ነው፤ የቴክሳስ የሐምሌ ፀሐይ አስፋልቱን ሲያግለው ማን ይቆምበታል? ስለዚህ ንጹሕ አይደለሁም ያለ ሰው ቤቱ ይቀራል። ነገሩ የሚደጋገም ሲሆን አንድ እሑድ የቀረው ወራት ይቀራል። በስደት ላይ ሌላ ስደት ይጨመርበታል።

አባቶቻችን በዚህ ነገር ዝም አላሉም። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ዲዮናስዮስ በ3ኛው መቶ ዓመት ባስሊዴስ ለተባለ ኤጲስ ቆጶስ ሲጽፍ፣ በሌሊት ያለ ፈቃዱ ዘር የፈሰሰው ሰው ራሱ ሕሊናውን እንዲመረምር ተወለት። በ4ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ቅዱስ አትናቴዎስ፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ለአገራችን ጳጳስ አድርጎ የላከው ያው አባት፣ አሞን ለተባለ መነኩሴ በላከው ደብዳቤ ጉዳዩን ፊት ለፊት ያዘው። አሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ አካልን የፈጠረ እግዚአብሔር ስለ ሆነ በተፈጥሮ ሥርዓት ከአካል የሚወጣው፣ ንፍጥና ምራቅ ኃጢአት እንዳልሆኑ ሁሉ፣ ኃጢአት አይደለም። ጠላት በዚህ ሰበብ መነኮሳትን እያስጨነቀ አሳባቸውን እንደሚያውክም አስጠንቅቋል።

ታዲያ ሥርዓቱ ስለ ምን ቆመ የሚል ይኖራል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 15ን እንመልከት። ዘር የፈሰሰው ሰው በውኃ ይታጠብ፣ እስከ ማታም ይቆይ ይላል እንጂ መሥዋዕት አይጠይቀውም። በዚያው ምዕራፍ ሕመም ሆኖ የሚፈሰው ፈሳሽ ለብቻው፣ በሌላ ሥርዓት ተቀምጧል። እንግዲህ መጽሐፉ ራሱ ተፈጥሮንና ደዌን ለይቶ ያያል። መታጠቡና መቆየቱ ለተቀደሰው ስፍራ የምንሰጠው ክብር ነው፤ የጥፋተኝነት ፍርድ አይደለም። ራሳችንንም አናታልል፤ ዓይናችንንና አሳባችንን በፈቃዳችን ወደ ርኩሰት ልከን እንደ ሆነ ያ ሌላ ነገር ነው፣ ለንስሓ አባት የሚነገር ነው። ልዩነቱ ያለው በፈሳሹ ሳይሆን በፈቃዱ ላይ ነው።

የሐኪሞችንም ትምህርት እናስተውል። ዘር የምንለው ፈሳሽ አብዛኛው የሚመነጨው ከፊኛ በታች ካለው ከፕሮስቴት ዕጢና በአጠገቡ ካሉት ከረጢቶች ነው። እነዚህ ከትልቁ አንጀት መጨረሻ ፊት ለፊት ስላሉ፣ ሆዱ የደረቀበት ሰው ሲያምጥ ተጨምቀው ጥቂት ነጣ ያለ ፈሳሽ ሊወጣ ይችላል። ለረጅም ጊዜ ከሩካቤ የራቀ ሰውም፣ መነኩሴ ይሁን ሚስቱን አገር ቤት ትቶ የመጣ ስደተኛ፣ ይህ ሊያጋጥመው ይችላል። ሕመም ከሌለበት በአብዛኛው በሽታ አይደለም። ጉልበትም አይጨርስም፤ ጤናማ ሰውነት በየቀኑ በሚሊዮኖች የሚቆጠር የዘር ሕዋስ ይሠራልና።

ፍርሃት ራሱ ምን ያህል እንደሚጎዳ ታሪክ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. ከ1836 እስከ 1842 ላልማን የተባለ የፈረንሳይ ሐኪም ያለ ፈቃድ የሚፈስ ዘር ሰውን የሚያደክም ከባድ ደዌ ነው የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ የተነሣ ብዙ ወንዶች በድንጋጤ ወደ ሐኪም ሮጡ፤ የሽንት ቧንቧቸውን በኬሚካል እስከ ማስተኮስ የደረሱም ነበሩ። የዛሬ ሕክምና ያን ትምህርት ትቶታል።

ነገር ግን ቸል የማይባል ምልክትም አለ። ሽንት ሲያቃጥል፣ ፈሳሹ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሲሆን፣ ደም ሲቀላቀልበት፣ ትኩሳት ሲመጣ፣ የዘር ፍሬ ሲያብጥ ወይም ሲያም ፈጥኖ መመርመር ይገባል። ጨብጥ፣ ክላሚዲያ ወይም የፕሮስቴት መቆጣት ሊሆን ይችላል፤ እነዚህም መድኃኒት አላቸው። የስኳር በሽታና አንዳንድ የጭንቀት መድኃኒቶችም የዘርን አፈሳሰስ ይለውጣሉ። የፕሮስቴት ካንሰር ግን በመጀመሪያው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ምልክት አያሳይም፤ የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ጥቁር ወንዶች ከ45 ዓመታቸው ጀምሮ ስለ ምርመራው ከሐኪም ጋር እንዲነጋገሩ የሚመክረው ስለዚህ ነው።

ኢንሹራንስ የለኝም የሚል ወንድም በዳላስ ፓርክላንድን፣ በፎርት ዎርዝ ጄ.ፒ.ኤስ.ን ይጠይቅ፤ ሁለቱም የሕዝብ ሆስፒታሎች ናቸው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ነዋሪዎች የክፍያ ድጋፍ አላቸው። ቋንቋ ቢቸግረው ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ አይውሰድ። አባት በልጁ አፍ እንዲህ ያለውን ነገር ሊናገር አይችልም፤ ሆዴን አሞኛል ብሎ ይመለሳል። ሆስፒታሉ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያቀርብለት መጠየቅ መብቱ ነው።

ወንጌላዊው ማርቆስ 12 ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረችውን ሴት ይነግረናል። እንደ ኦሪት ሥርዓት ከሰው መካከል መግባት አልነበረባትም፤ ገባች፣ የጌታን ልብስ ነካች፣ ተፈወሰች። ከዚያም እየተንቀጠቀጠች እውነቱን ሁሉ ነገረችው፤ እርሱም ልጄ ብሎ በሰላም አሰናበታት። እኛም ፈሳሹ ከፈቃዳችን ውጭ ቢሆንም ዝምታው በፈቃዳችን እንደ ሆነ እንወቅ። ስለ ፈሳሹ የሚጠይቀን የለም፤ ስለ ዝምታው ግን፣ በተለይም ወንድማችን ብቻውን ሲጨነቅ አይተን ስላለፍንበት ዝምታ፣ እንጠየቃለን። እንግዲህ የቀረ ይመለስ፤ ለንስሓ አባቱ የሚነገረውን ለንስሓ አባቱ፣ ለሐኪም የሚነገረውን ለሐኪም ይንገር።