ወደ መንበረ ፍትሕ ለምታቀኑ ልጆቼ

ልጆቼ ሆይ፤ በዚህ በጎተራ፣ በማሳለጫው ዙሪያ የመኪናው ጩኸት ሌት ተቀን ሳይቋረጥ፣ ባቡሩም ሲመላለስ፣ በኮንዶሚኒየሙ ጠባብ ክፍል ተቀምጣችሁ የሕግ መጻሕፍትን የምታገላብጡ ብዙዎች እንደ ሆናችሁ አያለሁ፤ ከእናንተም መካከል የሚበልጡት ጥብቅናን ወይም በባንክና በድርጅት የሕግ አማካሪነትን ሲመኙ፣ ጥቂቶች ግን፣ ምናልባት በየሕንፃው አንድ ሁለት ብቻ፣ ዳኛ ለመሆን ያስባሉ። ይህን ምክር የምጽፈው ለእነዚህ ለጥቂቶቹ ነው፤ ሌሎቻችሁ ቢያነቡት ግን አልከለክልም፣ ነገ በእነዚሁ ፊት ቆማችሁ ትከራከራላችሁና።

ከሁሉ አስቀድሞ ዳኝነት በባዶ እጅ የሚያዝ ሥልጣን መሆኑን ዕወቁ። በቀድሞው ዘመን ዳኛ ከንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ሥር ስለሚቀመጥ ቃሉ እንደ ንጉሥ ቃል ይከበር ነበር፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በዳኝነታቸው ስማቸው የገነነው አፈ ንጉሥ ነሲቡም፣ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትርነቱን የያዙት በዚሁ ማዕርጋቸው ነው። ነገር ግን ከዙፋን የተገኘ ክብር በዙፋን ይሻራል፤ በ1934 ዓ.ም. ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ተደራጅተው፣ ከዚያም የወንጀሉና የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በመጽሐፍ ወጥተው ሳለ እንኳ፣ በዳኞች የተዘጋው ነገር በዙፋን ችሎት እንደገና ሊከፈት ይችል ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ79ኛው አንቀጹ ዳኛ ከሕግ በቀር በሌላ እንደማይመራ ደንግጎ ዳኛን ከገዢ ፈቃድ ጋር ያሰረውን ሰንሰለት በቃል ቈርጦታል፤ በቃል አልኋችሁ፤ በግብር መቈረጡ ግን በየቀኑ በእያንዳንዱ ዳኛ ፊት የሚፈተን ነገር ነው።

ስለዚህ ፈተና ሲነሣ የዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳን ስም ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ነገሩ የሆነው በ1993 ዓ.ም. ነው። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ፣ በወቅቱ ገዢ በነበረው ፓርቲ ውስጥ ከተነሣው ክፍፍል በኋላ፣ በሙስና ተጠርጥረው ተይዘው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ በችሎቱ የተቀመጡት ወጣት ዳኛም በዚያን ቀን ጸንቶ የነበረውን ሕግ አንብበው፣ ዋስትና የሚከለክል ነገር ስላላገኙበት፣ ተጠርጣሪው በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። አቶ ስዬ ከፍርድ ቤት እንደ ወጡ እንደገና ተያዙ። ብዙም ሳይቆይ ምክር ቤቱ አዋጅ ቁጥር 239/1993ን አጽድቆ በሙስና የተጠረጠረን ሰው የዋስትና መብት ነፈገ፤ ተጠርጣሪውም ስድስት ዓመት ያህል በእስር ኖሩ።

ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ የዳኛዋን ጀግንነት ያወድሳሉ፤ እኔ ግን ውዳሴው ነገሩን ያሳንሰዋል እላለሁ። ዳኛዋ አዲስ ሕግ አልፈጠሩም፤ ለተከሳሹ ፖለቲካ አላደሉም፤ የተጻፈውን እንደ ተጻፈው ነው ያነበቡት። እንዲህ ያለው ንባብ ጀግንነት መስሎ የሚታይበት አገር ዳኞቹን ብቻ ሳይሆን ራሱንም መመርመር ይገባዋል። ደግሞም ልብ በሉ፤ የመንግሥት ጉልበት ያን ትእዛዝ በተግባር አፈረሰው እንጂ ስሕተት መሆኑን ማሳየት አልቻለም፤ ሕጉን መለወጥ ያስፈለገውም ዳኛዋ የነበረውን ሕግ በትክክል ስላነበቡት ነው። ለአንድ ዳኛ ከዚህ የበለጠ ምስክር ከወዴት ይመጣል?

ከዚያ ወዲህ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ወይዘሪት ብርቱካን ከመንበራቸው ወርደው ጠበቃ ሆኑ፤ በ1997ቱ ምርጫ ከተቃዋሚው የቅንጅት ፓርቲ መሪዎች አንዷ ነበሩ፤ ታስረው ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፣ በ1999 ዓ.ም. በይቅርታ ወጡ፣ በ2001 ዓ.ም. ዳግመኛ ታሰሩ፣ በ2003 ዓ.ም. ተፈቱ፣ ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ በ2011 ዓ.ም. ተመልሰው የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው የ2013ቱን ምርጫ መሩ፣ በ2015 ዓ.ም. ሥራቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ። አቶ ስዬም ከእስር ከወጡ በኋላ ወይዘሪት ብርቱካን የመሠረቱትንና የመሩትን አንድነት ፓርቲ መቀላቀላቸው የታሪክ ቀልድ ይመስላል። ይሁን እንጂ የኋለኛውን የፖለቲካ ሕይወት ወደ ኋላ ወስዳችሁ በችሎቱ ቀን ላይ አትጫኑት፤ በዚያን ቀን በመንበሩ የተቀመጠው ዳኛ እንጂ ፖለቲከኛ አልነበረም።

አሁን ደግሞ ወደ ዕለት ሥራችሁ ልመለስ፤ ስማችሁን የሚያስጠራ መዝገብ በሕይወት ዘመናችሁ አንድ ጊዜ ቢመጣ ነው፣ ላይመጣም ይችላል። የመጀመሪያ ደረጃ ዳኛ ዘመኑን የሚፈጅበት ነገር ሌላ ነው፦ ያልተከፈለ ብድር፣ የቤት ኪራይ፣ ከሥራ የተባረረ ሠራተኛ፣ የባልና የሚስት ንብረት፣ የመኪና አደጋ። በ2013ቱ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ መሠረት እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክር በእናንተ ፊት ይቆማል፤ ከአሥር ሚሊዮኑ ይልቅ ግን የአሥር ሺው ባለቤት ሌሊቱን ሳይተኛ ያድራል። አባቶቻችን በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ሲሉ የተናገሩት ይህንኑ ነው፤ በቅሎዋን የተቀማ ሰው እንኳ ለምን እንደ ተቀማ በአግባቡ ከተነገረው ተጽናንቶ ይገባል፤ በለሆሳስ በተነበበ ባለ ሁለት መስመር ብይን ጭብጦውን ያጣ ግን እስከ ልጅ ልጁ ይራገማል።

እንግዲህ ምክንያታችሁን ጻፉ። የሰበር ችሎት የሰጠውን የሕግ ትርጓሜ ጠቅሶ ማለፍ ቀላል ነው፤ ትርጓሜው አስገዳጅ ቢሆንም የፊታችሁን ሰው ምስክር አልሰማም፣ እናንተ ግን ሰምታችኋል፤ የትኛውን ምስክር ለምን እንዳመናችሁ የምታውቁ እናንተ ብቻ ናችሁ። ተለዋጭ ቀጠሮ ስትሰጡም ከሳሹ ከቃሊቲ ወይም ከሰበታ የዕለት ገቢውን ትቶ መምጣቱን አስቡ፤ ባለጉዳይን ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ማድረግ መማለጃ ባይበላበትም ግፍ ነው። በፖሊስ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ሲቀርብላችሁ፣ ጊዜ ቀጠሮውን በልማድ አትስጡ፤ ቀሪው ምርመራ ምን እንደ ሆነና ሰውየው ቢለቀቅ ምን እንደሚያሰናክል መርማሪውን ጠይቁ።

ስለ ኑሯችሁም አንድ ነገር ልበል። በዚህ በእኛ ሠፈር ሰው በእድር፣ በዕቁብ፣ በማኅበር የተሳሰረ ስለ ሆነ ዳኛ መሆናችሁ በታወቀ በሳምንቱ ሰላም ልበል ብዬ ነው የሚል የሩቅ ዘመድ ደጃችሁን ያንኳኳል፤ ቡናው ሳይፈላ የመዝገብ ቁጥር ከኪሱ ያወጣል። ከእድር አትውጡ፣ ቀብር አትቅሩ፤ ከሰው የተለየ ዳኛ የሰውን ነገር አይገባውምና። ነገር ግን ቁጥሩ ሳይነበብ፣ ፊታችሁን ሳታጠቁሩ፣ ስለ ችሎት ነገር በቤታችሁ እንደማይነገር ንገሩትና ስለ ልጆቹ ጠይቁት። ደመወዙ ያንሳል፤ ብዙዎችም በዚሁ ምክንያት ወደ ጥብቅና ይሄዳሉ። መሄዱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ በመንበሩ ተቀምጦ በፊቱ የሚከራከረውን ጠበቃ ገቢ ማስላት ሲጀምር አለመሄድ ነው። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኝነትን ከለቀቁ በኋላ የሴት የሕግ ባለሙያዎችን ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ሆነው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተመልሰዋል፤ በንጹሕ እጅ የወጣ ሰው የመመለሻ መንገድ አለው።

በመጨረሻ፣ ፍርድ የምታነቡበትን ሥርዐት ከወዲሁ ልመዱ። የረታው ወገን ድምፃችሁን ሳይሰማ እንኳ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ስለዚህ ስታነቡ ፊታችሁን ወደ ተረታው መልሱ፣ በስሙና በማዕርጉ ጥሩት፣ ካቀረበው ክርክር ጠንካራውን አንሥታችሁ ስለ ምን እንዳልተቀበላችሁት በሚገባው አማርኛ አስረዱት። ጠበቃ ያላቆመ እንደ ሆነ ደግሞ ከችሎቱ ሳይወጣ፣ በፍትሐ ብሔር ነገር ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት እንደሚችል፣ የፍርዱንም ግልባጭ ከመዝገብ ቤት እንደሚወስድ ራሳችሁ ንገሩት፤ ግልባጩም በሄደበት ቀን ተዘጋጅቶ እንዲጠብቀው ሬጅስትራሩን እዘዙ።