ለተተኪው የሚቀር ችግኝ

በሞቃትና በደረቅ አገር የሚኖር ሰው፥ መጸው በገባ ቍጥር ሊያስብበት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፤ ነገ በዝውውር የሚሄድ ሠራተኛ ዛሬ በኪራይ ቤቱ ግቢ ዛፍ መትከሉ ተገቢ ነውን? የሚል ነው።

ድሬዳዋን እንውሰድ። ከተማዪቱ የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከደረሰባት ጀምሮ የተቈረቈረች ስትሆን፥ ከዚራ በተባለው ሰፈር ከፀሐይ የሚያስጠልሉን ዛፎች የቀደሙት ነዋሪዎች የተከሉአቸው ናቸው። ስለዚህ እኛም ለሚመጣው እንትከል የሚለው መልስ ወዲያው ይደርሳል። መልሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚበቃ አይመስለንም።

ውሃ ባነሰበት አገር ዛፍ የሚተክል ሰው ስጦታ ብቻ ሳይሆን ዕዳም ያወርሳልና። እርሱ ችግኙን አቁሞ ይሄዳል፤ ውሃውን የሚቀዳው ግን ሌላ ነው። የደቻቱ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ሌሊት ጎርፍ ብዙ ሰው ፈጅቷል፤ ያው ወንዝ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ አሸዋ ነው። ከከርሠ ምድር በሚወጣ ውሃ ለሚኖር ሕዝብ፥ ወደ ችግኝ የሚፈሰው ባልዲ ከአንድ ጎረቤት እንስራ እንደ ተቀነሰ መቈጠር ይገባዋል።

እንግዲህ የተካዩ ቸርነት የሚመዘነው በመትከሉ ሳይሆን የሚተወውን ሸክም በማቅለሉ ነው። መጸውም የሚመረጠው ስለዚህ ነው። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት የክረምቱ ርጥበት ገና ከአፈሩ አልጠፋም፤ የፀሐዩም ኀይል መብረድ ይጀምራል፤ አፈሩ ግን ሙቀቱን ስለሚይዝ ሥሩ ያለ ጭንቀት ወደ ታች ይወርዳል። መደቡን ከመሬቱ ዝቅ ማድረግ፥ ዙሪያውን በገለባ ወይም በደረቅ ቅጠል መሸፈን፥ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመርጨት ይልቅ ቀናት እያሳለፉ ማታ ማታ አጥግቦ ማጠጣት፥ ይህ ሁሉ ሥሩ ጥልቁን ውሃ እንዲፈልግ ያስለምደዋል። ጎመንና ድንች የታጠበበት ውሃ ሲሆን ደግሞ የማንንም እንስራ አይነካም። እስከ ግንቦትና ሰኔ ሐሩር ድረስ እንዲህ የጠነከረ ኒም ወይም ሎሚ ከተተኪው የሚጠይቀው ጥቂት ነው። በግንቦት ለእንግዳ አቀባበል ተብሎ የሚተከለው ግን (ይህንንም አይተናል) ፎቶግራፉ ሳይደበዝዝ ይደርቃል።

ፓፓያ የተከለ ሰው በዓመት ገደማ ፍሬውን ሊበላ ይችላል፤ ከፍሬው የበቀለ ማንጎ ግን ብዙ ዓመት ያስጠብቃል። ሁለቱን ጎን ለጎን መትከል ነውር የለበትም፤ ሰው ለራሱም ጥቂት ቢያስብ ቸርነቱ አይረክስም።

የሚያሳዝነን ሌላ ነው። በርክክብ ጊዜ ወንበሩና ጠረጴዛው፥ እግሩ የተሰበረ መደርደሪያ እንኳ ሳይቀር፥ እየተቈጠረ ይፈረምበታል። የግቢው ችግኝ ግን በማናቸውም መዝገብ አይገኝም። የሚሄደው ሰው፥ ይህኛው በየአራት ቀኑ፥ ያኛው በሳምንት አንድ ጊዜ ይጠጣል ብሎ በአንዲት ቍራጭ ወረቀት ጽፎ ከቍልፉ ጋራ ቢያስረክብ ምን ያግደዋል?