እምነት፥ ጥበብና እንጀራ

(ዘጸ. 31፥1-6፤ 35፥30-35)



እግዚአብሔር ሕዝቡን ከግብፅ ባርነት ካወጣ በኋላ በምድረ በዳ ማደሪያ እንዲሠሩለት ባዘዘ ጊዜ አንድን የእጅ ባለሙያ በስሙ ጠራ። ይህም ከይሁዳ ነገድ የተወለደው ባስልኤል ነው። ወርቅና ብር የሚሠራ፥ ዕንቍ የሚቀርጽ፥ እንጨት የሚጠርብ ሰው ነበረ፤ እግዚአብሔርም መንፈሱን እንደ ሞላበት መጽሐፍ ይነግረናል። ከዳን ነገድ የሆነውን ኤልያብንም ረዳት አድርጎ ሰጠው። በምዕራፍ 35 ላይ ደግሞ ለሁለቱም ሌሎችን የማስተማር ጸጋ በልባቸው እንዳኖረ እናነባለን። ከዚህ የምንረዳው የእጅ ጥበብ ስጦታ መሆኑን፥ ስጦታውም ለሕዝቡ ሁሉ ጥቅም የተሰጠ መሆኑን፥ ከአንዱ ወደ ሌላው መተላለፍ ያለበት መሆኑን ነው።

ቋንቋችን ራሱ ለዚህ እውነት ምስክር ነው። ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪውን ለመናቅ ሲነገር የኖረው «ጠይብ» የሚለው ቃል የተገኘው «ጠቢብ» ከሚለው ነው። «አዝማሪ» የሚለውም ስም «መዝሙር» ከሚለው ጋር ከአንድ ሥር የበቀለ ሆኖ ሳለ፥ በሰው አንደበት ለስድብ ሲውል ኖሯል። እግዚአብሔር በስሙ የጠራውን ማኅበረሰቡ በቅጽል ስም አዋረደው ማለት ነው።

ይህ ንቀት ዛሬ መልኩን ለውጦ ይኖራል። አንድ ወጣት ሥዕል ለመማር ወይም በሙዚቃ ለመኖር እንደሚፈልግ ለወላጆቹ ሲነግራቸው፥ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «እንጀራ የሚሆንህን ፈልግ» የሚል ነው። ወላጆች ይህን የሚሉት ከክፋት ሳይሆን ከስጋት ነው። ቁምስናውም በበኩሉ በልደትና በትንሣኤ በዓል ድምፁን ይፈልጋል፥ ለድራማው ይጠራዋል፥ መጋረጃውን ያስቀባዋል፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ ግን ስለ ኑሮውም ሆነ ስለ ነፍሱ የሚጠይቀው አይገኝም። እንዲህ ያለው ወጣት ሕይወቱን ለሁለት ይከፍላል፤ እሑድ ዘማሪ ነው፥ በሌላው ቀን ግን እምነቱ ወደ ሥራው የማይገባ ባለሙያ ይሆናል። ውሎ አድሮም እሑዱ ይቀራል።

ለዚህ መከፈል መድኃኒት ከሚሆኑት አንዱ ወጣት ጥበበኞችን ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት በአንድነት የሚያኖር ክርስቲያናዊ የኪነ ጥበብ ካምፕ ነው። አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በኢጣሊያ አገር በፍሎረንስ ከተማ አቅራቢያ ሎፒያኖ የምትባል፥ እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተች የፎኮላሬ ማኅበር መንደር አለች። የማኅበሩ መሥራች ኪያራ ሉቢክ እ.ኤ.አ. በ1966 በዚያ ለሚኖሩ ወጣቶች ለወንዶቹ ቀይ፥ ለሴቶቹ አረንጓዴ የሙዚቃ ከበሮ ሰጠቻቸው። ከዚህ ስጦታ «ጀን ሮሶ»ና «ጀን ቬርዴ» የተባሉ ሁለት የሙዚቃ ቡድኖች ተወለዱ፤ ስማቸውንም ያገኙት ከከበሮዎቹ ቀለም ነው። ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡት የጀን ቬርዴ እኅቶች በአንድ ማኅበር ይኖራሉ። ወደ ሌላ ከተማ ሲሄዱም ዝግጅታቸውን አሳይተው ብቻ አይመለሱም፤ የአካባቢውን ወጣቶች ለጥቂት ቀናት ሰብስበው ዜማ፥ ውዝዋዜ፥ ቴአትርና የከበሮ ምት ያስተምሯቸዋል። በመጨረሻም ወጣቶቹ ከአስተማሪዎቻቸው ጋር በአንድ መድረክ ላይ ይቆማሉ።

በእንዲህ ያለ ቦታ ወጣቱ በመጽሐፍ የማያገኘውን ነገር ያገኛል። በመጀመሪያ ብቻውን እንዳልሆነ ያያል። ቀጥሎም የራሱን ድምፅ ዝቅ አድርጎ የጎረቤቱን መስማት፥ እርማትን ያለ ቂም መቀበል፥ ያልተሳካውን ደጋግሞ መሥራት ይማራል፤ ይህ ደግሞ ከሙያ ትምህርት በላይ የትሕትና ትምህርት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሙያውንና ጸሎቱን ያልለያየ ሰው ከፊቱ ቆሞ ማየቱ ነው። «ክርስቲያን ሆኜ በጥበብ መኖር እችላለሁን?» ለሚለው ጥያቄ ከማናቸውም ንግግር ይልቅ በዚህ የሚኖር ሰው መልስ ይሆነዋል።

ይህ ዓይነት ትምህርት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የድጓ ተማሪ ወደ ቤተልሔም፥ የዝማሬ መዋሥዕት ተማሪ ወደ ዙር አባ ሲሄድ፥ በመምህሩ ደጅ ጎጆ ቀልሶ፥ ምግቡን ለምኖ፥ ከዜማው ጋር የመምህሩን አኗኗር እየተማረ ዓመታት ያሳልፍ ነበር። የግዕዝ ሥርዓታችን ዜማ የተጠበቀልን በዚህ መንገድ ነው። ጥበብም እምነትም አብሮ በመኖር የሚወረሱ ስለሆኑ፥ በአንድ ቤት ቢማሯቸው የተገባ ነው።

ፍሬውንም በአንድ ሰው ሕይወት እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1941 ፖላንድ በናዚ ጀርመን ተይዛ ሳለች፥ በክራኮቭ ከተማ ጥቂት ወጣቶች በመኖሪያ ቤቶች ውስጥ በምስጢር እየተሰበሰቡ ቴአትር ይሠሩ ነበር። ያለ መድረክ ጌጥ፥ በቃል ኃይል ብቻ ነበር የሚጫወቱት፤ ቢያዙ የሚጠብቃቸው እስራት ወይም ሞት ነበር። ከእነርሱ አንዱ በድንጋይ ካባ፥ በኋላም በኬሚካል ፋብሪካ የጉልበት ሥራ የሚሠራ የ21 ዓመት ወጣት ነበረ፤ ስሙም ካሮል ቮይቲዋ ይባላል። በ1942 ወደ ምስጢራዊው ዘርአ ክህነት ገባ፤ በ1946 ካህን ሆነ፤ በ1978 ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ ተብሎ የቅዱስ ጴጥሮስን መንበር ያዘ። ከጓደኞቹ አንዳንዶቹ ግን በቴአትር ሙያ ጸንተው ኖሩ። ከዚያች አነስተኛ ማኅበር አንዱ ወደ መሠዊያ፥ ሌሎቹ ወደ መድረክ ሄዱ፤ ሁለቱም መንገድ ጥሪ ነው። እንግዲህ የካምፕ ዓላማ ወጣቱን ሁሉ ወደ ገዳም መላክ ወይም ዘማሪ ብቻ ማድረግ አይደለም፤ እግዚአብሔር የሚጠራውን መንገድ እንዲሰማ ጸጥታና ወዳጅ መስጠት ነው።

እኚህ አባት እ.ኤ.አ. በ1999 በትንሣኤ ዕለት ለጥበበኞች በጻፉት መልእክት፥ ሰው ሁሉ ሠዓሊ ወይም ሙዚቀኛ እንዲሆን ባይጠራም እያንዳንዱ የገዛ ሕይወቱን ያማረ ሥራ አድርጎ እንዲሠራ አደራ እንደ ተሰጠው አስተምረዋል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1963 ባወጣው የሥርዓተ አምልኮ ሰነድ፥ ጳጳሳት ራሳቸው ወይም ለዚህ በሚበቁ ካህናት አማካይነት ለጥበበኞች እንዲያስቡ አዟል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ደግሞ በ1964 በሲስቲና ጸሎት ቤት ጥበበኞችን ሰብስበው፥ ቤተ ክርስቲያን እንደምትፈልጋቸው ነግረዋቸው ስለ ደረሰባቸው ጫና ይቅርታ ጠይቀዋቸዋል።

ነገር ግን ካምፕ ብቻውን አይበቃም። ጴጥሮስ በደብረ ታቦር ሦስት ዳስ ሠርቶ በዚያ ለመቅረት ወደደ፤ ጌታ ግን ይዟቸው ወረደ፤ በታችም የታመመ ልጅና የተጨነቀ አባት ይጠብቋቸው ነበር (ሉቃ. 9፥28-42)። ወጣቱም ከካምፕ ሲመለስ የቤት ኪራይ፥ የጓደኛ ግፊትና «ሙያህን ለሸጥህበት ሁሉ አትጨነቅ» የሚል ገበያ ይጠብቀዋል። በዚያን ሰዓት ቁምስናው ካልተቀበለው፥ የተቀጣጠለው እሳት በጥቂት ወራት ይበርዳል።

ስለዚህ፥ የተወደዳችሁ፥ ልናደርገው የሚገባን ቀላልና ግልጽ ነው። በየቁምስናችን የሚሥለውን፥ የሚጽፈውን፥ የሚቀርጸውን፥ የሚያዜመውን ወጣት በስሙ እንወቀው። በክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ በአዳራሻችን ጥቂት ቀናት ብንሰበስባቸው፥ ጠዋት በቅዳሴ፥ ቀን በሥራ፥ ማታ በቅዱስ ቃሉ ንባብ ብናውላቸው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ ታማኝ ባለሙያ፥ የወላጆች ፈቃድና ልጆቹን የሚጠብቁ ኃላፊነት ያላቸው ሰዎች ናቸው። መንፈሳዊ ነው ብለን የተዝረከረከ ሥራን አንቀበል፤ ማደሪያው የተሠራው በተጠነቀቀ እጅ ነውና። ወጣቱ የቅዱሳንን ሥዕል ብቻ እንዲሥልም አናስገድደው፤ የእናቱን ፊት ወይም የገበያውን ሰው በእውነትና በፍቅር የሣለ ፈጣሪን አመስግኗል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳንሸሽግ እንናገር። ጌታችን ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል ብሎ አስተምሯል (ሉቃ. 10፥7)። ለግንበኛው የምንከፍል፥ ለሠዓሊው ግን «ለእግዚአብሔር ነው» ብለን በባዶ እጁ የምንሸኝ ከሆነ፥ በእምነት መኖርና በጥበብ መኖር አብረው አይሄዱም ብለን ያስተማርነው እኛው ነን። ወጣቱ በፈቃዱ በነጻ ቢሰጥ በረከት ነው፤ በግድ ብንወስድበት ግን ግፍ ነው። አቅማችን ትንሽ ቢሆንም እንኳ ትንሹን ከአክብሮት ጋር እንስጥ።

ባስልኤልን በስሙ የጠራው አምላክ የልጆቻችንን እጅ ይባርክ፤ ለእኛም የሰጣቸውን ጸጋ የምናይበትን ዓይን ይስጠን። አሜን።