ዕድሜ ለጠገበ ሰው ክትባት ይገባዋልን?

በ2013 ዓመተ ምሕረት የካቲት 28 ቀን ዕለቱ እሑድ፥ ማግሥቱም የዐቢይ ጾም መግቢያ ነበረ። በዚያ ቀን በሕንድ አገር የተሠራ 2,184,000 የኮሮና በሽታ መከላከያ ክትባት በአውሮፕላን ተጭኖ አዲስ አበባ ገባ። መጋቢት 4 ቀንም፥ በሽታው በኢትዮጵያ መገኘቱ በታወቀ ልክ በዓመቱ፥ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል መርፌው መሰጠት ተጀመረ። ቅድሚያው ለሐኪሞችና ለአስታማሚዎች ሆነ፤ ከነርሱም ቀጥሎ ለሽማግሎችና የቈየ ደዌ ላለባቸው ሰዎች እንዲሰጥ ተወሰነ።

መካነ ሰላም ከደሴ በስተ ምዕራብ፥ ምድሩ ወደ ዓባይ በረሃ ከመውረዱ በፊት፥ በቦረና ያለች የደጋ ከተማ ናት። በዙሪያዋ አማራ ሳይንት፥ ለጋምቦ፥ ወግዲና ከለላ ይገኛሉ። በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ተጐራብተው ይኖራሉ፤ ክርስቲያኑ የእስላሙን ለቅሶ ይደርሳል፥ እስላሙም የክርስቲያኑን ሬሳ ይሸኛል። ስለዚህ በአንድ ወገን የተወራ ወሬ በአንድ ወገን አይቀርም። ስለ መርፌውም የተወራው ብዙ ነበረ፤ የአውሬው ምልክት ነው የሚል፥ ሽማግሌ ለመጨረስ የመጣ ነው የሚል፥ ጾም ያፈርሳል የሚል ሁሉ ተሰማ። ለእንዲህ ያለው ወሬ ረጅም መልስ አያሻም። በክንድ የገባ መድኃኒት በአፍ የገባ ምግብ አይደለም፤ ምልክት የተባለውም ነገር በመጽሐፍ የተነገረው ስለ አምልኮ እንጂ ስለ ሕክምና አለመሆኑን የትርጓሜ መምህር ሁሉ ያውቀዋል።

ነገር ግን ከወሬው ሁሉ የሚከብድ ሌላ ቃል አለ፤ እርሱም ከአላዋቂ ሳይሆን ከደግ ሽማግሌ አፍ የሚወጣ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ ቄስ በአሳብ ይታዩ። በልጅነታቸው ዓባይን ተሻግረው ጎጃም ቅኔ ቈጥረዋል፤ የመንደሩን ሕፃን ሁሉ አጥምቀዋል፤ የብዙ ቤት የንስሐ አባት ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ከአጠመቋቸው ልጆች አንዲቱ ናት። ወደ ቤታቸው መጥታ፥ «አባ፥ ሰኞ ጤና ጣቢያ ብቅ ይበሉ፤ የእርስዎ ተራ ደርሷል» ስትላቸው፥ «ልጄ፥ እኔ ኖሬ ጠግቤአለሁ፤ እርሱን ለልጅ ስጡት» ብለው ይመልሱላታል።

ይህን መልስ የሰማ ሰው ሁሉ ይመሰገኑ ይላል እንጂ የሚነቅፍ የለም። እንዲያውም በዚያን ጊዜ ለቃሉ ምክንያት ነበረው። ያ የመጀመሪያው ጭነት ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ የሚሰጥ ስለ ነበረ ከአንድ ሚሊዮን ጥቂት ለሚበልጥ ሰው ብቻ የሚበቃ ነበር፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ ደግሞ ከመቶ ሚሊዮን ይበልጣል። ከመቶ ሰው አንዱ በጭንቅ የሚያገኘውን ነገር ሽማግሌው ለወጣቱ ልተው ቢል፥ በባለጠጎች አገር ከሕዝባቸው ቍጥር በላይ ክትባት ገዝተው ካከማቹት መንግሥታት ይልቅ የተሻለ ልብ አለው።

ቢሆንም ደግ ልብ ያሰበው ሁሉ ወደ አሰበው ቦታ አይደርስም። ያ ክትባት በብልቃጥ የሚመጣ ነው፤ በአንዱ ብልቃጥ ለአሥር ሰው የሚሆን መጠን አለ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ይጠበቃል፤ አንድ ጊዜ ከተከፈተ ደግሞ በ6 ሰዓት ውስጥ ያልተወጋው ይደፋል። እንግዲህ ዘጠኝ ሰው መጥቶ አንዱ ቢቀር የቀረው መጠን ተጠብቆ ለአንድ ወጣት አይተላለፍም፤ ወይ በዚያው ሰዓት በአጠገብ ያለ ሰው ያገኘዋል፥ ወይም ይፈስሳል። ቤቶቹ በየሸንተረሩ ተራርቀው በሚገኙበት በቦረናና በሳይንት ደጋ፥ ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው ለመድረስ ገደል ወርዶ ገደል መውጣት በሚያስፈልግበት አገር፥ አሥረኛውን ሰው በ6 ሰዓት ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ቀላል ሥራ አይደለም። ሽማግሌው ሰጠሁ ያሉት ነገር ለማንም ሳይደርስ ይቀራል ማለት ነው።

ደግሞም ተራው ለሽማግሎች የተሰጠው ለማክበር ብቻ አልነበረም። በ1911 ዓ.ም. የመጣው የኅዳር በሽታ፥ በአዲስ አበባ ብቻ 10,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ የሚገመተው፥ በዓለም ሁሉ ጐልማሳውን አብዝቶ የሚገድል ነበር። ኮሮና ግን በተቃራኒው ነበር፤ ወጣቱን ይዞ ሲለቅ ሽማግሌውን ይዞ ያስቀር ነበር። በኢትዮጵያም በሽታው የገደላቸው ተብለው በመንግሥት መዝገብ የተጻፉት ብቻ ከ7,500 ይበልጣሉ፤ ሳይመረመር በየቤቱ ሞቶ በየደብሩ የተቀበረውን የቈጠረው የለም። ስለዚህ አንዱ መርፌ ለሽማግሌ ቢሰጥ የሚያድነው ነፍስ ለወጣት ቢሰጥ ከሚያድነው ይልቅ ብዙ ነበር። የተራው ምክንያት ይህ ነው፤ ሰውን ከሰው ማብለጥ አይደለም።

«ኖሬ ጠግቤአለሁ» በሚለው ቃል ውስጥ ግን ከስጦታው ሌላ የተሸሸገ ነገር ሊኖር ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ድካም ነው፤ ባልንጀሮቹን ሁሉ ቀብሮ ብቻውን የቀረ ሰው ሞትን እንደ ዕረፍት ያየዋል። አንዳንድ ጊዜም ፍርሃት ነው፤ ሰባ ዓመት የተከበረ ሰው መርፌ ፈራሁ ማለትን ያፍራል፥ ስለዚህ ፍርሃቱን የትሕትና ካባ ያለብሰዋል። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ራሱ ሽማግሌው ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው በግምት ሊፈርድበት አይገባም።

ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ፥ ሰው ስለ ራሱ ዕድሜ በቃኝ ለማለት ይችላልን የሚለው ነው። ስለዚህ ነገር የንጉሡ የሕዝቅያስ ታሪክ ለካህናት ሁሉ የታወቀ ነው። ሊሞት ቀርቦ ሳለ አለቀሰ፥ ጸለየም፤ 15 ዓመት ተጨመረለት። ተስፋው ከእግዚአብሔር ዘንድ ከተሰጠ በኋላ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ጸሎቱ የተሰማለት ሰው በለሱ ለምን አስፈለገው? ነቢዩ በተስፋውና በመድኃኒቱ መካከል ጠብ እንዳለ አላሰበም፤ ተስፋው የሚፈጸምበት መንገድ እንዲህ ሊሆን ይችላልና። የሲራክ መጽሐፍም በ38ኛው ምዕራፍ ባለመድኃኒትን ስለ ማክበር የሚናገረው በዚሁ አሳብ ነው።

ጾሙ የተሰየመበት የጌታ የገዳም ጾምም ሌላ ነገር ያስተምራል። ፈታኙ ራስህን ከመቅደሱ ጫፍ ወርውር ባለው ጊዜ ጌታ የመለሰለት፥ መላእክት ይጠብቃሉ የሚለውን ቃል በመካድ አይደለም፤ ያለ ምክንያት አደጋ ውስጥ ገብቶ ጠብቀኝ ማለት እግዚአብሔርን መፈታተን እንደ ሆነ በመግለጥ ነው። በገደል ጫፍ የሚሄድ የቦረና ሰው ጸሎቱን ይጸልያል፥ ምርኵዙንም ይይዛል፤ ምርኵዙን በመያዙ እምነት ጐደለው ያለው ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተሰማም።

ይህ ሲባል ሕክምና ሁሉ ግዴታ ነው ማለት አይደለም። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በዘመኑ ትልቅ የሕሙማን ቤት የሠራ ሲሆን፥ ለመነኮሳቱ በጻፈው ሥርዓት ሕክምናን የእግዚአብሔር ስጦታ ነው ብሎ እያመሰገነ፥ ሰው ግን የኑሮውን ሁሉ አሳብ በሥጋው ላይ እንዳያደርግ አስጠንቅቋል። አንድ አረጋዊ አልጋ ላይ የሚያስቀር፥ ቤተሰብን በዕዳ የሚያስገባ፥ ሥቃይን እንጂ ሕይወትን የማያስረዝም ሕክምና ተውኝ ቢል ባስልዮስም አይወቅሰው። የክትባቱ መርፌ ግን ከዚህ ወገን አልነበረም፤ ሸክሙ ቀላል፥ ዋጋው ነጻ፥ ትኵሳቱና ቍርጥማቱ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ነበረ።

አደጋ ፈጽሞ የለውም የሚል ግን ውሸታም ነው። በጣም ከብዙ ሰው መካከል በጥቂቱ ላይ ደም የመርጋት ሕመም ማምጣቱ ተረጋግጧል፤ ይኸውም ከሽማግሎች ይልቅ ዕድሜያቸው ዝቅ ባሉት ላይ የታየ ነበር። ስለ እንዲህ ያለ ነገር የውጭ አገር ታሪክ ሁለት ሰዎችን ያቀርባል። በአሜሪካ ስመ ጥር የነበረው ሰባኪ ዮናታን ኤድዋርድስ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1758 ዓ.ም. በ54 ዓመቱ ለሌሎች ምሳሌ ሆኖ የፈንጣጣ መከላከያ ተከተበ፤ በዚያው ምክንያት ታሞ ሞተ። የዚያው አገር ሰው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ደግሞ በ1736 ዓ.ም. የአራት ዓመት ልጁ ሳይከተብ ፈንጣጣ ገደለበት፤ ልጁን ባለማስከተቡ የተሰማውን ጸጸት በሕይወት ታሪኩ ጽፎ አልፏል። በዚያን ዘመን የሚሰጠው ከበሽተኛው ቍስል የተወሰደው መግል ስለ ነበረ አደጋው ከዛሬው ጋር አይተካከልም። ቢሆንም ሁለቱን ሞቶች ጐን ለጐን ያደረገ ሰው፥ ማድረግም አለማድረግም ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን ያያል። ብዙ ሰው ባደረገው ነገር የመጣበትን ጉዳት እንደ ኀጢአት ይቈጥራል፥ ባላደረገው የመጣውን ግን የእግዜር ቍጣ ነው ብሎ ያልፋል። ሚዛኑ እንዲህ ሊያዘነብል የሚገባበት ምክንያት አይታይም።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ክትባት የሚለው ስም ከተበ፥ ማለት ጻፈ፥ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ክታብም ከዚሁ ግስ ይወጣል። በአንገቱ ክታብ አንጠልጥሎ ክትባትን የሚሸሽ ሰው በወሎም በሌላውም አገር አይታጣም፤ ከአንድ ሥር የበቀሉትን ሁለት ነገሮች አንዱን ዘመድ ሌላውን ባዕድ አድርጓቸዋል። ነገሩ ራሱ ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበረም። የፈረንጅ ሐኪም ሳይመጣ በደጋው አገር የፈንጣጣን መግል በክንድ ቈዳ ላይ በጭረት እያስገቡ የሚከትቡ ሰዎች ነበሩ። በ1963 ዓ.ም. የፈንጣጣ ማጥፊያው ዘመቻ ሲጀመርም ሠራተኞቹ በየተራራው ያገኟቸው እነዚህን ከታቢዎች ነበር፤ ሕዝቡም አንዳንድ ቦታ አዲሱን መርፌ እምቢ እያለ በአባቶቹ ይከተብ ነበር። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የተገኘው በ1968 ዓ.ም. በነሐሴ ነው፤ ዛሬ ፊታቸው የተጠቃቀሰ ሽማግሎች ካልታዩ በቀር በሽታውን የሚያውቀው የለም።

የሽማግሌው ነገር ግን ከገዛ ሥጋቸው ያልፋል። የንስሐ አባት መስቀሉን የሚያሳልመው ለሰው ሁሉ ነው፤ ጠበል ሊረጭ፥ በሽተኛ ሊጠይቅ፥ ፍትሐት ሊያደርስ በየቤቱ ይገባል። ክትባቱ በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንዳይሻገር ፈጽሞ ይከለክል ነበር ቢባል ግን ከእውነት ማለፍ ይሆናል፤ በጥቂቱ ይቀንስ ነበር፥ ያም እየቈየ ይደክም ነበር። ዋናው ጥቅሙ የተከተበው ሰው በጽኑ እንዳይታመም ነው። ይሁን እንጂ ሽማግሌ በጽኑ ሲታመም ብቻውን አይታመምም። ሴት ልጁ ሌሊቱን ስትደግፈው ታድራለች፤ ወንድ ልጁ እርሻውን ትቶ በቃሬዛ ተሸክሞት ይወርዳል፤ በመጨረሻም ቅሬው ተሰብስቦ ይቀብረዋል፥ ለቅሶውም በአንድ ድንኳን ብዙ ሰው ያጐራብታል። ለራሴ ምንም አልፈልግም ያለ ሰው ይህን ሁሉ ከሌሎች እንደሚፈልግ አላሰበበትም።

ከዚህ በኋላ ያለው ዕዳ የጠያቂዋ ነው። ሽማግሌውን በማስፈራራት፥ ወይም ምንም አያደርግዎትም ብሎ በማታለል የተገኘ እሺታ ፈቃድ አይባልም፤ የታለለውም ሰው በሚቀጥለው ጊዜ እውነቱን እንኳ አያምንም። የሚታወቀውን ከነመጠኑ፥ አደጋውንም ከነማነሱ መንገር ይገባል። የደብር አለቆችም ከዐውደ ምሕረት ሲናገሩ የሐኪሙን ሥራ ለሐኪሙ ትተው፥ ሰው እምነቱን ለፍርሃቱ መሸሸጊያ እንዳያደርገው ማስተማር ድርሻቸው ነበር፤ ዝም ያሉም ነበሩ፥ ዝምታውም በሕዝቡ ዘንድ እንደ መከልከል ተቈጠረ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን የኮሮና አስቸኳይ ጊዜ አበቃ ብሏል፤ ያ የመጀመሪያው ክትባትም በ2016 ዓ.ም. በሠሪው ፈቃድ ከገበያ ወጥቷል። ለሽማግሎች የሚመከር መርፌ ግን በዚያ አላበቃም፤ ጥያቄውም በየቤቱ ይመላለሳል።

በአሳብ የታዩት ቄስ ይህን ሁሉ ከልጃቸው ጋራ ቢነጋገሩ፥ የሚቀርባቸው አንድ ጥያቄ የካህን ጥያቄ ነው። ከመርፌው በኋላ ደም ቢነጥብ መቅደስ ይገባልን? ልጂቱ ይህን አታውቅም፤ እሳቸው ግን መልሱን ያውቁታል። ጥቂት ዝም ብለው ቈይተው፥ «ሰኞ ሰሞነኛ ነኝ፤ አይሆንም። ከርሞ ሳምንት ተራው የሌላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ጥሪኝ። ብልቃጡንም ሳልደርስ እንዳትከፍቺው፤ ቅሬው ማክሰኞ ስለሚሰበሰብ ዘጠኙን ሰው እኔ ይዤ እመጣለሁ» ይሏታል።