ደብተሩ የእኔ፣ የተጻፈው ግን የማን?



በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳም ሆነ በገለምሶ ብዙ ሱቆች የዱቤ ደብተር አላቸው። ሰደቃ የሚሰበስቡ ጀመዓዎችም የሚረዷቸውን ቤተሰቦች ስም ይመዘግባሉ። ዛሬ ይህ ደብተር ከሳጥን ወጥቶ ወደ ስልክ እየገባ ነው። በአንዱ ስልክ የጻፉትን በሌላውም ስልክና በኮምፒዩተር ላይ የሚያስገኙ የማስታወሻ መተግበሪያዎች (አፖች) በርክተዋል። ወጣቶቻችን «የትኛው ይሻላል?» ይላሉ። ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ፦ የተጻፈው ነገር የማን ነው?

ሰው የራሱን ሐሳብ ጽፎ ቢገለጥበት የሚጎዳው እርሱው ነው። በሰደቃው መዝገብ ላይ ስሟ የሰፈረው የየቲሞች እናት ግን ችግሯን የነገረችው ለሰብሳቢዎቹ እንጂ ለአገር አይደለም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ 271ኛው አንቀጽ፣ ምጽዋትን ደብቆ ለድሆች መስጠት በላጭ መሆኑን አስተምሮናል። «እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም» የሚል ሰው ስለ ራሱ ይበል፤ ስለ እርሷ ግን እንዲህ ለማለት መብት የለውም። ሱረቱ-ን-ኒሳእ 58ኛው አንቀጽ አማናን ለባለቤቱ እንድናደርስ ያዛል፤ ምስጢርም አማና ነው።

ጠባቂም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቁልፉን ይዞ «አልከፍትም» ብሎ ቃል የሚገባ ነው። ሌላው ሳጥኑን ይሸከማል፣ ቁልፉ ግን የለውም። ጉግል ኪፕ ከመጀመሪያው ወገን ነው፤ ጽሑፉን ከሌባ ቢጠብቅም ቁልፉ በኩባንያው ዘንድ ነው። ስታንዳርድ ኖትስ ጽሑፉን ከስልኩ ሳይወጣ ይቆልፈዋል፤ ጆፕሊንም ተጠቃሚው ይህን ቁልፍ ራሱ ካበራው እንዲሁ ያደርጋል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ኤቨርኖት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ የደንበኞችን ማስታወሻ ማየት እንዲችሉ የሚፈቅድ ደንብ አወጣ፤ ተቃውሞ ሲበዛበትም ተወው። ቃል ይለወጣል፤ ቁልፍ የሌለው ግን ልክፈት ቢልም አይችልም።

«ታዲያ ወረቀቱ አይሻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። ወረቀት እሳትና ዝናብ ያጠፋዋል፤ ያለውም አንድ ብቻ ነው። በየማማ ጦርነት ቁርኣንን በቃላቸው የያዙ ብዙ ሶሐቦች ሸሂድ በሆኑ ጊዜ፣ አቡበክር (ረ.ዐ.) በዑመር (ረ.ዐ.) ምክር ዘይድ ኢብን ሳቢትን እንዲሰበስበው አዘዙት። የተሰበሰበው ጽሑፍ በአቡበክር፣ ቀጥሎ በዑመር፣ ከዚያም በእናታችን ሐፍሳ (ረ.ዐ.) ዘንድ ተጠበቀ። በዑስማን (ረ.ዐ.) ዘመን ከእርሱ ተገልብጦ ወደ ከተሞች ተላከ፤ ዋናውም ለሐፍሳ ተመለሰ። የእኛን ተራ ደብተር ከዚያ ጋር ማነጻጸሬ አይደለም። ከታላቁ ሥራ ግን ትምህርት እንውሰድ፦ ጥበቃ የሚሟላው በታማኝ እጅና ከአንድ በላይ በሆነ ቅጂ ነው።

ቅጂው ስልኩ ላይም መኖር አለበት። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቷል። ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት ደብተር በዚያን ጊዜ ለሰደቃ ሰብሳቢው ምን ይጠቅመው ነበር? ያለ መስመር የሚሠራ፣ መስመር ሲመለስ የሚያመሳስል መመረጥ ያለበት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ባለቤቱ ብቻ የሚከፍተው ቁልፍ ባለቤቱ ሲሞት አብሮት ይቀበራል። የይለፍ ቃሉ ከጠፋ ኩባንያውም አይከፍተውም። በሸሪዓችን ደግሞ የሟች ዕዳ ከውርስ በፊት ይከፈላል፤ የሚናዘዘው ነገር ያለው ሰውም ኑዛዜውን ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት እንዳያድር ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መክረዋል። ነጋዴው የተበደረው በተቆለፈ ስልክ ውስጥ ብቻ ቢቀር የአበዳሪው ሐቅ የት ይደርሳል? ሟቹስ በዕዳው እንደተያዘ አይቀርምን? የዕዳው አንቀጽ፣ በቀራ 282፣ ዕዳን ጻፉ ብሎ አላበቃም፤ ምስክርም አቁሙ ይላል።

ስለዚህ ጽሑፋችንን ለሁለት እንክፈለው። የድሃ ስም፣ የባልና ሚስት ሽምግልና፣ የበሽተኛ ጉዳይ መሸሸግ ያለበት ነው፤ ይህን ቁልፉ በእጃችን በሆነ ቦታ እናስቀምጠው፤ ጉዳዩ ሲያልቅም እንሰርዘው። ዕዳና ኑዛዜ ግን ምስክር ይሻሉ፤ በስልክ ቢያዙም በወረቀት ተጽፈው፣ ምስክር ፈርሞባቸው ቤተሰብ በሚያውቀው ቦታ ይቀመጡ። የጀመዓው መዝገብ ከሆነም የይለፍ ቃሉን አንድ ሰው ብቻ አይያዘው፤ ሁለት ታማኞች ይወቁት።

መተግበሪያ መምረጥ የእውቀት ጉዳይ ይመስላል፤ በውስጡ ግን የሰው ሐቅ አለበት። እጃችን ላይ ያለው የሰው መሆኑን ካወቅን፣ ከሚቀለው ይልቅ የሚጠብቀውን እንመርጣለን።

አላህ አማናቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።